ኪቦርዱን ከጣቴ ሥር የሚነጥቅ ባክአፕ፦ የ9 ወር ልምዴ

አባባ በትራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆመዋል። የይግባኝ አቤቱታቸውን እየጻፍኩላቸው ነው። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ ከኪቦርዱ በስተግራ ተዘርግቷል፤ ዓይኔ እሱ ላይ ነው። አንድ አንቀጽ ጨረስኩና ኢንተር መታሁ። ሁለተኛውን ቀጠልኩ። ቀና ስል አቤቱታው ፊቴ የለም። የፋይሎቼን መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥልኝ የባክአፕ ፕሮግራም መስኮት መሐል ስክሪኑ ላይ ተገትሯል። «የቆዩ ቅጂዎች ተሰርዘዋል» ይላል።

እኔ ሰርዝ አላልኩም። ቢያንስ ያልኩ አይመስለኝም ነበር።

ፕሮግራሙን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። አሁን ሰኔ ነው። 9 ወር አብሬው ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው በአንድ ቀን ንዴት አይደለም።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። አቤቱታ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ያመጣው ፍላሽ ቫይረስ አስገባብኝ። ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነው አደሩ። ለማጽዳት ስንታገል ግማሹ ጠፋ። የብዙ ሰው ልፋት ነበር። ሰው ፊት አፈርኩ። ያኔ ነው ያለ ባክአፕ አንድ ቀን አልሠራም ብዬ የወሰንኩት። ለአንድ ኮምፒውተር፣ ለአንድ ዓመት ፈቃድ 3,200 ብር ከፈልኩ። ለእኔ ቤት ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሻጩ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ከጀርባ ነው የሚሠራው እህቴ። መኖሩንም አታውቂውም።»

ከጀርባ መሥራቱስ እውነት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የተለወጡትን ፋይሎች ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል። ኮምፒውተሩን አያንቀራፍፍም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ ሲጨርስ ነው። ስክሪኑ ላይ አሥር መስኮት ቢከፈትም የምንጽፈውን የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች ፎከስ ይሉታል። ይህ ፕሮግራም በጨረሰ ቁጥር «ተጠናቋል» ለማለት ዘሎ ፊት ይወጣና ፎከሱን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የምመታው ቁልፍ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እሱ ደግሞ ጽሑፍ አይቀበልም። ይውጠዋል።

ስክሪን እያየ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ሊመስለው ይችላል። መስኮቱን ይዘጋና ይቀጥላል። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ። የምጽፈው የሰው ረቂቅ እያየሁ ነው። ዓይኔን በየመስመሩ ከወረቀቱ ካነሳሁ ፍጥነቴም ይጠፋል፣ መስመርም እዘላለሁ። ስለዚህ መስኮቱ ሲዘል አላየውም። የማውቀው ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ከተዋጠ በኋላ ነው።

በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቻችን የምንጽፈው በድምፅ ነው፤ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። «ቦ» ለማለት መጀመሪያ ቢ፣ ቀጥሎ ኦ እመታለሁ። መስኮቱ በሁለቱ መሐል ከዘለለ ወረቀቱ ላይ «ብ» ብቻ ትቀራለች። አንድ የቤት ኪራይ ውል ላይ እንዲህ ያለች ብቸኛ «ብ» ሳትታረም ታትማ ወጥታለች። ያገኛት ተከራዩ ነው። ፈርመው ቢሆን ኖሮስ?

ወደ አባባ ልመለስ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ከተማው ከእንግዳው ገና አልረገበም፤ ቤቴም ሰው አልጠፋባትም። ሃርድ ዲስኩ እየሞላ ስለነበር ፕሮግራሙ ያን ዕለት «ተጠናቋል» ብቻ አላለም። «ቦታ እንዲገኝ የቆዩ ቅጂዎች ይሰረዙ?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» የሚለው አስቀድሞ ተመርጧል። እኔ በዚያችው ቅጽበት አንቀጼን ጨርሼ ኢንተር መታሁ። አለቀ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተቀመጡት የድሮ ቅጂዎች ጠፉ። ጥያቄውን ሳላየው መለስኩት።

ደንግጬ እጄን አፌ ላይ ስጭን አባባ አዩኝ። «ልጄ፣ የእኔስ ወረቀት አለ?» አሉኝ። ነበረ። የተዋጠው ሁለተኛው አንቀጽ ብቻ ነው። ድጋሚ ጻፍኩላቸው። የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ ደረሱ። ባይደርሱ ለእሳቸው ምን እላቸው ነበር? ኮምፒውተሩ ነው እላለሁ?

ሌላዋ ግን አልቀናትም። ከ10 ቀን በኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማር ልጅ መጣች። አማካሪዋ ሁለተኛውን ምዕራፍ ወደ ኅዳሩ ረቂቅ መልሺው ብሏታል። «አይዞሽ፣ የድሮውን አስቀምጫለሁ» አልኳት። በሙሉ ልቤ ነው ያልኳት። ከፈትኩ። የለም። እጇ ላይ የቀረው አማካሪዋ የሞነጫጨረበት የታተመ ወረቀት ብቻ ነበር። ከእሱ ላይ እያየሁ ሦስት ምሽት በነጻ ጻፍኩላት። እንዳይጠፋ ብዬ የገዛሁት ዕቃ በራሴ ጣት አጠፋብኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሻጩ ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። መልሶቹን አሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

«ሴቲንግ ገብተሽ ኖቲፊኬሽኑን አጥፊው» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት አጥፍቼዋለሁ። የጠፋው ጥግ ላይ ይመጣ የነበረው ትንሹ መልእክት ነው፤ እሱ ማንንም አያስቸግርም ነበር። ትልቁ መስኮት ግን መዝለሉን አላቆመም። «ማታ ማታ ብቻ እንዲሠራ አድርጊው» ይላል። ማታ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ፣ ቤቴን ቆልፌ እሄዳለሁ። ደግሞስ መብራት ቀን 8 ሰዓት ላይ ቢሄድ የጠዋቱን ሥራ ማን ይመልስልኛል? «ሌላ ደንበኛ አላማረረም» ይላል። ሌላው ደንበኛ ስክሪኑን እያየ ይሠራላ! «እንድታውቂው ብሎ ነው» ይላል። ማወቁንስ እፈልጋለሁ። ግን ጓዳ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲጨርስ መጥቶ እስክሪብቶዬን ከእጄ ነጥቆ «ጨርሻለሁ» አይለኝም። በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

እንዲህ ማድረግ ደግሞ ይቻላል። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። አንድ እሑድ መጥቶ አየልኝ። «አክስቴ፣ ዊንዶውስ እኮ ይህን ይከለክላል» አለ። የተከለከለ ፕሮግራም ታች ታስክባሩ ላይ ምልክቱ ብልጭ ብልጭ ይላል እንጂ ፊት አይወጣም። ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን በሚያስቀምጥበት ሬጂስትሪ ውስጥ ፎርግራውንድ ሎክ ታይምአውት የሚባል ቁጥር አለ። ዊንዶውስ ሲጫን 200000 ነው። በሚሊሰከንድ ስለሚቆጠር 200 ሰከንድ መሆኑ ነው። ሰው እየጻፈ ሳለ ሌላ ፕሮግራም በጉልበት ፊት እንዳይወጣ የሚያግደው ጊዜ ይህ ነው።

የእኔን ሲከፍተው ዜሮ ነው። እገዳው ተነስቷል።

ወደ 200000 መለሰው። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራን። ቁጥሩ እንዳለ ነው። ባክአፑን ከፈትነው። ዜሮ። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ዜሮ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠሪዎቹ ስሕተት ነው ብዬ አስብ ነበር። ስሕተት አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ የእኔን መከላከያ የሚያነሳ መስመር ጽፏል። ለምን? «ተጠናቋል» የሚለውን እንዳያመልጠኝ! 3,200 ብሬ በጣም የቆጨኝ ያኔ ነው።

አሁን ትቼዋለሁ። ፈቃዱ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል፤ ይቅርብኝ። ልጁ በሮቦኮፒ አንድ ትንሽ ትእዛዝ ጻፈልኝ። ሮቦኮፒ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ የመገልበጫ መሣሪያ ነው፤ አይገዛም። ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ በታስክ ሼጁለር፣ በየግማሽ ሰዓቱ እንዲሠራ አደረገው። መጀመሪያ ላይ እሱም አንድ ጥቁር መስኮት ብልጭ ያደርግብኝ ነበርና ሆዴ ፈራ። መፍትሔው ግን እዚያው ታስክ ሼጁለር ውስጥ ነበር። ተጠቃሚው ቢገባም ባይገባም ይሥራ የሚለውን ሲመርጥ ጥቁሩ መስኮት ጠፋ። እንደ ገዛሁት ፕሮግራም የየቀኑን ቅጂ ለየብቻ አያስቀምጥም። የመመረቂያ ጽሑፎችን አሁን ቀን እየጻፍኩባቸው በእጄ ነው የምለያቸው። ሥራ ይጨምራል። ቢሆንም ጣቴ ሥር ያለው ኪቦርድ የራሴ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጎረቤቴ ያንኑ ፕሮግራም ሊገዛ ገንዘብ ይዞ ሲወጣ አገኘሁት። እሱ ፎቶ ያጥባል፣ ላሚኔት ያደርጋል። ኪቦርድ ብዙም አይነካም። ለእሱ ላይጎዳው ይችላል ብዬ ዝም ልል ነበር። ከዚያ የልጅቷ ኅዳር ትዝ አለኝ። ቁጭ አድርጌ ያንን «አዎ» የሚል መስኮት ነገርኩት። ገንዘቡን ኪሱ መለሰ። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ሲመጣ ለእሱም ያንኑ የሮቦኮፒ ትእዛዝ ይጽፍለታል።