ለጎንደር ቁልቁለት የትኛው ጫማ ያዋጣል? ገበያ ላይ ያሉት ሲመዘኑ

ጎንደር ላይ ጫማ የሚታወቀው ቁልቁለት ሲወርዱበት ነው። ዳገት ሲወጡ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ሲወርዱ ግን እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶች ከጫማው ጫፍ ይጋጫሉ፣ ጥፍር ይጠቁራል። ስለዚህ ከፒያሳ ሱቆች እስከ ቅዳሜ ገበያ የሚሸጡትን የመዘንናቸው በዋናነት በአንድ ነገር ነው፦ ተረከዝን አጥብቆ ይዞ ጣቶችን ያላላል ወይ?

ርካሹ አዲስ ስኒከር እዚህ ላይ ይወድቃል። ሲረግጡት ይመቻል፤ ጉዳቱም ያው ልስላሴው ነው። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣት ብትጫኑት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ብትጠመዝዙት እንደ እርጥብ ፎጣ ይዞራል። ደህና ጫማ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም። ለአጭር መንገድ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚያስተምር ወይም ለሚነግድ ሰው ግን አንመክረውም።

ከአዲሶቹ ምርጫችን ባለ ማሰሪያው የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ነው። ተረከዙ ጠንካራ ነው፣ ቆዳው ላብ ያስወጣል፣ ሶሉ የተሰፋ ከሆነ ደግሞ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ይቀይረዋል። ሻጭ «ሲለበስ ይለቃል» ሲል ግማሹ ብቻ እውነት ነው፦ ቆዳ በስፋት ትንሽ ይለቃል፣ በርዝመት አያድግም። ሶሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ልሙጥና ደረቅ ከሆነ በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል። ጥርሱ ጠለቅ ያለ ጎማ ፈልጉ። የራሰ ጫማ ከሰል አጠገብ አታድርቁ፤ ማስቲሹ ይለቃል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት።

ሰልባጅ ዕድል ያለው ሰው ከአዲስ የሚሻል ጠንካራ ጫማ ያገኝበታል፤ ነገር ግን አስተውሎ ለሚገዛ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ ተመልከቱት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረማመድ እናንተን ያጣምማችኋል። በመርገጫውና በሶሉ መካከል ያለውን ስፖንጅ በጥፍር ጫኑት። ፖሊዩሬታን ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራው ሳይለበስ ቢቀመጥም ዓመታት ሲቆጠሩ ይሞታል፤ የሚፈረፈር ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ መንገድ ላይ ይከፈላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሰልባጅ ባይገዛ ይሻላል፤ እግሩ ከደነዘዘ የሚፋቅበትን ስፌት ሳያውቀው ይቆስላል። አዲስም ሲገዛ ውስጡን በእጁ ይዳስስ።

ኮንጎ ለጭቃ ጥሩ ነው፣ ላብ ግን አያስወጣም፤ በጣቶች መካከል ፈንገስ ያበቅላል። የጥጥ ካልሲ ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ እጅግ ይሻላል፦ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት የሚመጣው ከእንዲህ ያለ አፈር ጋር ለዓመታት በመነካካት ነው፤ ሽፍን ጫማና እግርን አዘውትሮ መታጠብ ይከላከሉታል።

ልኬቱን በተመለከተ፣ እግር ቀን ሲውል ያብጣልና ከሰዓት በኋላ ለኩ። ካልሲ አድርጋችሁ፣ ተረከዝን ግድግዳ አስነክታችሁ ወረቀት ላይ ቁሙ። ሁለቱንም እግር ለኩና ትልቁን ያዙ። በሳንቲ ሜትር ያገኛችሁት ላይ 1.5 ደምሩ፣ ድምሩን በ1.5 አባዙ። 25 ሳንቲ ሜትር እግር 39.75 ይሰጣል፤ ቁጥር 40 ማለት ነው። ፋብሪካዎች ስለሚለያዩ ቁጥሩ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የእግራችሁን ቅርጽ በወረቀት ቆርጣችሁ ሂዱ፤ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥታችሁ ወረቀቱን ላዩ ላይ ስታደርጉት ወረቀቱ በጎን ከተረፈ ጫማው ጠባብ ነው፣ ትልቅ ቁጥርም አያድነውም። ቆማችሁ ስትሞክሩት ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ።

ከዚያ ከሱቁ ውጡና ቁልቁል ተራመዱበት፤ ደህና ሻጭ አይከለክልም። ጣት ከነካ ተዉት። ተረከዝ ብቻ ከተነሳ ግን መፍትሔ አለው፦ ማሰሪያውን መጨረሻው ቀዳዳ ላይ በዚያው ጎን አስገብታችሁ ትንሽ ቀለበት ተዉ፣ የአንዱን ጫፍ በሌላው ቀለበት አሳልፉና ወደ ታች ስባችሁ እሰሩ። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥር መቀየር እንደሚቻል ተስማሙ፣ የመጀመሪያውን ምሽት ቤት ውስጥ ንጹሕ ወለል ላይ ብቻ ልበሱት።