ፓይተን ለነጋዴ ሒሳብ፦ ሙሉ ቁጥሩ የሚታመን፣ ነጥቡ የሚያሳስብ

ደብረ ብርሃን ላይ ለብርድ ልብስ ወይም ለእህል ነጋዴ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሲመርጥ፣ ከፍጥነቱ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ቋንቋው ምንም ሳይታዘዝ ቁጥርን እንዴት እንደሚይዝ ነው። ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ፓይተንን በዚህ በኩል ስመለከተው ግማሹ እጅግ የሚያስመሰግን፣ ግማሹ ደግሞ የሚያሳስብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሚያስመሰግነው የሙሉ ቁጥር አያያዙ ነው። ጃቫ በተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዓይነት 32 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዙ 32 ቦታዎች) ብቻ ስለሆነ፣ ድምሩ ከ2,147,483,647 ሲያልፍ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ሒሳቡ በሳንቲም ከተያዘ ይህ ጣሪያ 21.5 ሚሊዮን ብር እንኳ አይሞላም፤ አንድ የጅምላ ነጋዴ በዓመት ሽያጩ ሊያልፈው የሚችል መጠን ነው። ፓይተን ግን ቁጥሩ ባደገ መጠን ቦታውን እያሰፋ ይይዘዋል። በእርግጥ ዋጋ ያስከፍላል፦ ጃቫ በ4 ባይት (አንዱ ባይት 8 ቢት ነው) የሚያስቀምጠው ትንሽ ቁጥር በፓይተን 28 ባይት ይወስዳል፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ አስሊ ክፍል፣ በአንድ ትእዛዝ የሚጨርሰውን ድምርም ፓይተን የቁጥሩን ዓይነት እየመረመረ፣ ለውጤቱ ቦታ እያዘጋጀ ነው የሚሠራው። ደረሰኝ ለሚቆርጥ ሱቅ ይህ መዘግየት አይታወቅም፤ የተገለበጠ ድምር ግን ከግብር ቢሮ ጋር ያጣላል።

ነጥብ ያለው ቁጥር ላይ ሲደርስ ፓይተን ትክክለኛነትን የማስቀደም መርሑን ትቶ ፍጥነትን ያስቀድማል። የሚጠቀመው ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚያሰላውን የሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፍ) አያያዝ ሲሆን፣ በዚህ አያያዝ 1.15ን በትክክል መጻፍ አይቻልም። በመሆኑም በ100 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለመጨመር 1.15ን በ100 ብናበዛ የሚወጣው 115 ሳይሆን 114.99999999999999 ነው፤ ፕሮግራሙ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ከጣለ አንድ ሙሉ ብር ይጎድላል።

ዴሲማል የተባለው ሞጁል፣ ማለትም ከፓይተን ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣ የፕሮግራም ክፍል፣ ይህን ያስተካክላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፈጣን በሆነው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ፍጥነቱም ለሱቅ ሒሳብ ይበቃል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካልተጻፈ 1.15 ስሕተቱን ይዞ ይገባል። ጀማሪው መፍትሔውን እየተጠቀመም ቢሆን ይሳሳታል፤ ይህን እኔ የምቆጥረው እንደ ንድፉ ጉድለት እንጂ እንደ ጀማሪው ጥፋት አይደለም። ራኩ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዲህ ያለውን ቁጥር እንደ ክፍልፋይ ስለሚይዝ 0.1 እና 0.2 ተደምረው በትክክል 0.3 ይሆናሉ፤ ፈጣኑን ዓይነት የሚፈልግ ባለሙያ በሌላ አጻጻፍ ይጠይቃል። ተገቢው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ፍጥነትን የሚፈልግ ሰው መጠየቅን አያጣውም፣ ትክክለኛነት የሚያስፈልገው ግን መጠየቅ እንዳለበት ላያውቅ ይችላል።

ያም ሆኖ ገንዘቡ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር እስከተያዘ ድረስ ፓይተንን ለሱቅ ሥራ ያለ ስጋት እመርጠዋለሁ። 10,000 ሳንቲም በ115 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 11,500 ይሰጣል። የማካፈያው ምልክት ባለ ሁለት ሰረዙ (//) መሆን አለበት፤ ባለ አንድ ሰረዙ (/) በፓይተን 3 ውጤቱን ወደ ነጥብ ቁጥር ይቀይረዋል። ባለ ሁለት ሰረዙ ከሳንቲም በታች የሚተርፈውን ስለሚጥል፣ ለማጠጋጋት ከማካፈሉ በፊት 50 መደመር ያስፈልጋል።