ገንዘቡን መልሱ ያለችን ጠበቃ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኝ አንድ የጠበቃ ቢሮ አምስት ሆነን ገባን። የያዝነው የሃያ ሦስት ሰዎች ስም ዝርዝርና በአንዱ ጓደኛችን ስም የተከፈተ የባንክ ደብተር ነበር። በደብተሩ ላይ ገንዘብ መጠራቀም ጀምሯል። እቁባችን አሥራ አንድ ዓመት ያለ እንከን ስለ ሄደ፣ ያንኑ መተማመን ወደ ፈንድ እናሳድገውና ሜሪላንድ ውስጥ አነስተኛ የአፓርታማ ሕንፃ ገዝተን ኪራዩን እንካፈል ብለን ነው። ጠበቃዋ ወረቀታችንን አንብባ እንደ ጨረሰች፣ «ገንዘቡን ለየባለቤቱ መልሱት። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለችን።

በጣም ከፋን። ከአምስታችን ሁለቱ ለመውጣት ተነሡ። ከነርስነት፣ ከታክሲና ከፓርኪንግ ሥራ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ አንድ ሳንቲም ጎድሎብን የማናውቅ ሰዎች አታላዮች የተባልን መሰለን። እሷ ድምጿን ሳታነሣ፣ «በእቁባችሁ የሚያተርፍ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። የለም፤ ሁሉም የሚከፍለውን ያህል በተራው ይወስዳል አልናት። «እዚህ ግን አምስታችሁ ትሠራላችሁ፣ አሥራ ስምንቱ ቤታቸው ተቀምጠው ትርፍ ይጠብቃሉ። ሕጉ የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለች።

ከዚያም ነጭ ወረቀት ስባ የብርቱካን እርሻ ሣለችልን። ፍሎሪዳ ውስጥ ሃዊ የሚባል ኩባንያ የብርቱካን መሬቱን እየሸነሸነ በአካባቢው ለሚያርፉ እንግዶች ይሸጥ፣ ተክሉን መንከባከቡንና ፍሬውን መሸጡንም በውል ራሱ ይወስድ ነበር። የገዙት ሰዎች የእርሻ ሙያ አልነበራቸውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ይህ የመሬት ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በሌላ ሰው ድካም ትርፍ መጠበቅ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ፣ ማለትም እንደ አክሲዮን ያለ በሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት ድርሻ፣ ሽያጭ ነው ብሎ ወሰነ። ፈንድ ብንለው፣ ማኅበር ብንለው ስሙ አያድነንም ማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ያልገባኝ ነገር በአንዲት የብርቱካን ሥዕል ገባኝ። ገንዘቡን በሳምንት ውስጥ መለስን።

እሷ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ለሌላ ሰው ከፍለን የተዘጋጀ ሰነድ ገዝተን ነበር። ማን እንደሆነ መጻፍ አልፈልግም። ሰነዱን ጠበቃዋ ስታገላብጠው በሦስት ቦታ የማናውቀው ድርጅት ስም፣ በአንድ ቦታ ደግሞ የቴክሳስ ሕግ ተጠቅሶበት አገኘች። ከሌላ ሰው ሥራ ላይ የተገለበጠ ነበር። እኛ ደግሞ ፈርመንበታል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ወራት ሙሉ በሙሉ የእሷ ናቸው። እንዲህ ያለውን ድርሻ በመንግሥት ዘንድ ሳያስመዘግቡ ለመሸጥ በሚፈቅደው፣ ሬጉሌሽን ዲ በሚባለው ደንብ ውስጥ 506 «ለ» የተባለውን መንገድ መረጠችልን። በዚህ መንገድ ለሕዝብ ማስታወቅ ክልክል ነው፤ የሚገባው ሰው አስቀድሞ የምናውቀው መሆን አለበት። እኛ ደግሞ በጁላይ 4 ሰሞን በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ ልንበትነው በራሪ ወረቀት አሳትመን ጨርሰን ነበር። ሁለት ካርቶን ሙሉ ወረቀት ነው። አንዱም እንዳይወጣ አለችን፣ አልወጣም። ያን ቀን ባታስቆመን ኖሮ የመረጥነው መንገድ ከመጀመሪያው ይዘጋብን ነበር።

ሌላው የገቢ ጉዳይ ነው። ሕጉ እንደ ባለሀብት የሚቆጥረው በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ከሆነ ከ300,000 በላይ የሚያገኘውን፣ ወይም የሚኖርበት ቤት ሳይቆጠር ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያለውን ሰው ነው። ከሃያ ሦስታችን ይህን ያሟሉት አራት ብቻ ናቸው። ብዙዎቻችን ሀብታችን ቤታችን ስለሆነ «የሚኖርበት ቤት ሳይቆጠር» የምትለዋ ሐረግ ከባለሀብቶቹ ዝርዝር አስወጣችን። ደንቡ እስከ 35 የሚደርሱ ሌሎች ሰዎችን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ለእነሱ የተሟላ የጽሑፍ መግለጫ መሰጠት፣ እያንዳንዳቸውም ብቻቸውን ወይም ከአማካሪ ጋር ሆነው የነገሩን ጥቅምና አደጋ መመዘን የሚችሉ መሆን አለባቸው።

ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ ለዚህ ሥራዋ ነው። የስጋቶቹን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ ፈርሙ ብላ ልትተወን ትችል ነበር። እሷ በሁለት ቅዳሜዎች ሃያ ሦስታችንንም ሰብስባ በአማርኛ አስረዳችን፦ ሕንፃው ተከራይ ሊያጣ ይችላል፣ የባንክ ወለድ ሊጨምር ይችላል፣ ድርሻችሁን ስትፈልጉ ሸጣችሁ መውጣት አትችሉም፣ ገንዘባችሁ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ሽማግሌ በመንከባከብ ሥራ የሚተዳደሩ አንዲት እትዬ ያላቸውን ጥሪት በሙሉ ሊያስገቡ ነበር። «እማማ፣ ይህ ገንዘብ ነገ ባይኖር የቤት ኪራይዎን በምን ይከፍላሉ?» አለቻቸው። እትዬ ዝም አሉ። በመጨረሻ የሒሳብ ባለሙያ የሆነ የወንድማቸውን ልጅ ይዘው መጥተው፣ ካሰቡት ሩብ ያህሉን ብቻ ለማስገባት ወሰኑ። ፈንዱ የሚሰበስበው ገንዘብ በዚያው ልክ ቀነሰ። ጠበቃዋ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ እኔም አሁን ደስ ይለኛል።

የሚያስቀይም ነገር ለመጠየቅም አትፈራም። ፈንዱን የምንመራው አምስታችን ከዚህ በፊት በማጭበርበር ተከስሰን፣ ተፈርዶብን ወይም በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ታግደን እናውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ረጅም ቅጽ ስትሰጠን፣ የእቁባችን ዳኛ «በዚህ ዕድሜዬ እኔ እንዲህ ልጠየቅ?» ብለው ቅጹን ገፉት። «ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ። ሕጉ ግን እኔ ያመንኩትን ሳይሆን የጠየቅሁትን ነው የሚያየው» አለቻቸው። ሞሉት።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የአስተዳዳሪዎች ክፍያ ከምን ተሰልቶ መቼ እንደሚወሰድ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲጻፍ አደረገች። የመጀመሪያው ድርሻ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ ፎርም ዲ የሚባለውን የሽያጭ ማስታወቂያ ቅጽ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሽያጭን ለሚቆጣጠረው ለፌዴራሉ ኮሚሽን፣ አባሎቻችን ለሚኖሩባቸው ለሜሪላንድ፣ ለቨርጂኒያና ለዲሲ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ የየራሳቸውን ማስታወቂያ እንደምታስገባ በቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀምጣልናለች። በየዓመቱ የእያንዳንዱን ድርሻ የሚያሳየው ኬ-ዋን የተባለ የግብር ቅጽ ሳይደርሰን ግብራችንን ለማሳወቅ እንዳንቸኩልም ከወዲሁ ነግራናለች።

ክፍያዋን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ አስታውቃናለች፤ በመካከል አልጨመረችም። ርካሽ አይደለችም። ቀጠሮዋም ይርቃል፤ ለስልክ ጥሪ በዚያው ቀን መልስ የሚፈልግ ሰው ሊበሳጭ ይችላል። እኛም ተበሳጭተን እናውቃለን። ነገር ግን ስትመልስ ጉዳዩን አንብባ ነው። ገንዘብ አሰባስባችሁ ሕንፃ፣ ሱቅ ወይም ሌላ ንግድ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ከማንም ሰው አንድ ዶላር ከመቀበላችሁ በፊት ሂዱና አነጋግሯት። የኢሚግሬሽንና የፍቺ ጉዳይ አትይዝም።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለ ጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ይህንን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች፤ የፈንዱን ስምና የምንጠብቀውን ገቢ የጻፍኩባቸውን ሁለት መስመሮች ሰርዛ መለሰችልኝ። ስለዚህ ስለ ፈንዱ አትጠይቁኝ፤ ጽሑፉ ስለ እሷ ነው።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወረቀቱ አልቋል፤ የባንክ ሒሳቡም በሰው ስም ሳይሆን በፈንዱ ስም ተከፍቷል። አንቺ «አሁን ይቻላል» እስክትዪን ድረስ አንድም ዶላር አይገባበትም።