ማውንት ኬንያ ልትወጡ ያሰባችሁ ሐበሾች፣ "ሁሉን ያካተተ" ከሚለው ፓኬጅ ተጠንቀቁ

ናይሮቢ ያላችሁም ከአዲስ ለእረፍት የምትመጡም፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞር የማውንት ኬንያ ፓኬጅ አለ፣ "3 ቀን 2 ሌሊት፣ ሁሉን ያካተተ፣ ጫፉ ድረስ" የሚል። እኛ በሱ ሄደን አይተነዋል፣ ስም አልጠራም ግን እንዳትሸወዱ።

ሲጀመር ፎቶው ራሱ ያሳስታል። የለጠፉት ባትያን የሚባለውን ጫፍ ነው፣ 5,199 ሜትር። እሱና ጎኑ ያለው ኔሊዮን በገመድ ለሚወጡ ሰዎች ነው፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚደርሰው ሌናና የሚባለው ጫፍ ጋ ነው፣ 4,985። እሱም ቀላል ሆኖ አይደለም፣ ብቻ የተሸጠልን ሌላ ነው።

ዋናው የመግቢያው ጉዳይ ነው። ፓርኩ በር ላይ ካሽ አይቀበሉም፣ ክፍያው በኢሲቲዝን፣ በኬንያ መንግስት የኦንላይን አገልግሎት ነው የሚያልቀው። ኤጀንቱ የሁላችንንም ብር በኤምፔሳ ሰብስቦ ሲሪሞን በር ስንደርስ ለካ የከፈለልን በምስራቅ አፍሪካ ዜጋ ታሪፍ ነው! ኢትዮጵያ ደሞ የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ (EAC) አባል አይደለችም፣ የኬንያ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለህ ያ ዋጋ አይመለከትህም። ሬንጀሩ ፓስፖርታችንን አገላብጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ጋይዱ መሬት መሬት ያያል፣ እኛ እዛው ቆመን ኔትወርክ እየለመንን ልዩነቱን ከኪሳችን ከፈልን።

ቀኑን ያሳጠሩበት ምክንያት ደሞ ያስቃል፣ "እናንተ የደጋ ሰው ናችሁ፣ ተጨማሪ ቀን ምን ያደርግላችኋል" ነው ያለን ኤጀንቱ። አዲስ አበባ እኮ 2,300 ምናምን ሜትር ነው፣ ሺፕተን ካምፕ 4,200፣ ምን አገናኘው? የመጀመሪያውን ሌሊት ኦልድ ሞሰስ ካምፕ 3,300 ላይ ታድራለህ፣ በማግስቱ ሺፕተን፣ ከዛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስተህ ሌናና ወጥተህ በዛው ቀን እስከ በሩ ድረስ ትወርዳለህ። አንዷ ጓደኛችን ሺፕተን ላይ ራሷን ይዛ ሲያስመልሳት አደረ፣ ጋይዱ "ዝንጅብል ሻይ ጠጪ" ከማለት ሌላ ያደረገው ነገር የለም። የከፍታ ህመም እንደዛ ሲጠና ዋናው መፍትሄ ወደ ታች መውረድ ነው፣ ጋይድ ሆኖ ይሄን ካላወቀ ምኑን ጋይድ ሆነ። ይካተታል የተባለው ስሊፒንግ ባግ ደሞ ዚፑ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ የሚዘጋ ነበር፣ ከዛ በላይ በጫማ ክር አስረን ነው የተኛነው፣ ውጪ ውሃው በረዶ ሆኖ።

አትሂዱ እያልኩ አይደለም፣ የኛን ጅብራ የሚመስሉትን ዛፎች ሸለቆው ውስጥ ለማየት ብቻ እንኳን ያዋጣል። ግን ቢያንስ 4 ቀን 3 ሌሊት ያዙ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት የኢሲቲዝኑን ደረሰኝ ጠይቁ፣ ዜግነታችሁና የምትቆዩበት ቀን በትክክል መሞላቱን እዩ፣ ስክሪንሾት ልኬያለሁ ቢላችሁ አትመኑ፣ ራሱን ፋይሉን ይላክ። የፖርተሮቹ (የዕቃ ተሸካሚዎቹ) ክፍያ በማን እንደሆነም በጽሁፍ ይስጣችሁ፣ እኛ ስንወርድ ልጆቹ "በናንተ ነው የተባልነው" ብለው በሩ ላይ ጠበቁን፣ እነሱ ምን ያድርጉ፣ ከፈልን።

ኤጀንቱ የታሪፉን ልዩነት እመልሳለሁ ብሎ ነበር። አሁን መልእክት ስንልክለት ያነበዋል፣ መልስ ግን የለም።