አዲሱ የኮምፒውተር ኢንስቲትዩት ይሻላል ወይስ የቆየው?

ነሐሴ ላይ የእህቴን ልጅ ይዤ አዲስ የተከፈተ የኮምፒውተር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሄድኩ። ሕንፃው መስታወት በመስታወት ነው። የኮምፒውተር ክፍሉን አሳዩን ስንል ቁልፉ ሩብ ሰዓት ተፈለገ። ገባን። የስክሪኖቹ ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም። "የእውቅና ደብዳቤውን ማየት ይቻላል?" አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን። "በሂደት ላይ ነው" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።

ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ አይደለም። ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ አለው ማለት ሌላውም አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ "እውቅና አላችሁ?" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። በዚህ ግቢ፣ ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ፣ ለቀን ነው ለማታ? ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ።

የቆዩት አብዛኞቹ ይሄን አልፈውታል፤ ወረቀቱን ግን እነሱንም ጠይቁ። ለምሳሌ ሂልኮ የሚባለው የአዲስ አበባ የግል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲቋቋም ጀምሮ ሥራው ኮምፒውተር ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የተመረቀ ሰው ፈልጋችሁ ቡና እየጠጣችሁ ጉዱን መስማት ትችላላችሁ። አዲሱ ግን ገና ማንንም አላስመረቀም፤ ማንን ትጠይቃላችሁ?

የመውጫ ፈተናው ደግሞ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግልም ሆነ የመንግሥት ተማሪ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናው ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እያለ እስከ ኮምፓይለር (የተጻፈን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ይዘልቃል። ዌብሳይት መሥራት ብቻ የሚያስተምር ቤት ለዚህ አያደርስም። የቆየውን "ባለፈው ስንት አስፈትናችሁ ስንት አለፈ?" በሉት። አዲሱን ደግሞ "ኮምፓይለር ማን ያስተምራል? ቋሚ ነው ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ?" በሉት። መልሱ ከተንዛዛ ችግር እንዳለ ገብቷችኋል ማለት ነው።

አዲሱን ግን ዝም ብዬ አላጣጥለውም። ክፍሉ አይጨናነቅም፣ ማሽኑ አዲስ ነው፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል። ደብዳቤው በእጁ ካለና ሁለት ሦስት ቋሚ መምህራን ካሳያችሁ እኔ እመዘገባለሁ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ካላችሁ ብዙ አታስቡ፣ ይሂድ። አብሮት የሚማረው ልጅ ራሱ ትምህርት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ቤት አንድ ነው፤ ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ።

አጭር ኮርስስ? በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነው፣ በኢንተርኔት ነው። ዲግሪ አይተካም። ልጁ ፕሮግራሚንግ ይወድ እንደሆነ ለመፈተን ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም። የእህቴ ልጅ ክረምቱን እዚያ ያለውን የአንድሮይድ (የስልክ መተግበሪያ መሥሪያ) ኮርስ ሞከረች። ወደደችው። ከዚያ የቆየውን መረጠች።

አዲሱን ከመረጣችሁ "ዓመቱን በአንዴ ለሚከፍል ቅናሽ አለ" ሊሏችሁ ይችላሉ። የአንድ ሴሚስተር ብቻ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።