ሞተሬን ላዳኑልኝ የድሬው ጋሼ (አሮጌ ሞተር ሳይክል ያላችሁ በሙሉ አንብቡት)

ይህን የምጽፈው ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ነው። መተኛት ነበረብኝ፤ ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። ትናንት ከአርሊንግተን (ቨርጂኒያ) ተነስቼ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ የፖቶማክን ወንዝ ይዤ፣ ማውንት ቨርነን ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሞተሬ አንድም ቦታ አልጠፋችብኝም። አንድም ቦታ! ሁለት ዓመት ሙሉ ማደያ ድረስ እንኳ አምኛት ያልወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ታገሡኝ፣ ሊረዝም ነው።

ሞተሬ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1975 ሆንዳ ሲቢ 750 ናት። ለማታውቋት፣ ይህች ሞዴል በ1969 ስትወጣ ስንቱን ጉድ አሰኝታለች። አራት ሲሊንደር ጎን ለጎን፣ 736 ሲሲ፣ የፊት ጎማዋ ላይ የዲስክ ፍሬን። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ደመወዝተኛ በሚገዛው ሞተር ላይ የተለመደ አልነበረም። የኔዋ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች አይደለችም። ከኔ በፊት የያዛት ሰው ወንበሯን ቆርጦ፣ መሪዋን ዝቅ አድርጎ፣ የአየር ማጣሪያ ሳጥኗን አውጥቶ በምትኩ አራት ሾጣጣ ፊልትሮ ገጥሞ «ካፌ ሬሰር» አድርጓታል። ስትታይ ታምራለች። የገዛኋትም ስለምታምር ነው፣ አልዋሽም።

አራት ሲሊንደር ስላላት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልላት ካርቡራተሯም አራት ነው። እኔ ይህን ስገዛ አላወቅሁም። አንድ ይበቃታል ብዬ ነበር የማስበው።

ችግሯ ይህ ነው። ጠዋት በልመና ትነሳለች። ትንሽ ስትሄድ ደህና ትመስላለች። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ወይ ያለ ጋዝ ትጮሃለች፣ ወይ ሁለቴ ተንተባትባ ፀጥ ትላለች። አንዳንዴ ከማርሚታዋ «ጧ!» የሚል ነገር ይወጣል፤ ሰው ዞሮ ያያል። አንድ ቅዳሜ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ፣ በረንዳው በሀበሻ የተሞላ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ጠፋችብኝ። ሄልሜቴን ሳላወልቅ ገፋኋት። እንዳይለዩኝ። አንዱ ከበረንዳው «በርታ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ልትደርስ ነው!» አለኝ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የደረሰብኝንም ልናገር፤ ስም አልጠራም። መጀመሪያ የደወልኩበት ጋራዥ ዓመተ ምሕረቷን ጠየቀኝ። ስነግረው «ከ20 ዓመት በላይ የሆነ አንነካም» ብሎ ዘጋው። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውዬው ባለውለታዬ ነው፤ ቢያንስ ገንዘቤን አልበላም።

ሁለተኛው ጋ ግን አንጀቴ አረረ። «ሁለት ሳምንት» ብለው 11 ሳምንት አስቀመጧት። በደወልኩ ቁጥር «ዕቃ አዘናል» ነው። አንድ ቀን ሳልነግራቸው ስሄድ ውጭ ዝናብ ላይ ቆማ፣ ካርቡራተሮቿ ወልቀው፣ ቀዳዳዎቿ በቆሻሻ ጨርቅ ተወትፈው አገኘኋት። ሰው ጎድቶኝ እንደዚያን ቀን አልተሰማኝም። በመጨረሻ 1,140 ዶላር ከፍዬ አወጣኋት። «አራቱንም አድሰናል» አሉ። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ፤ ከሠሩት ሁሉ ደግ ሥራ ይህች ብቻ ናት፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ታያላችሁ። ከግቢያቸው ወጥቼ ሦስተኛው መብራት ላይ ጠፋች። ገፍቼ ስመለስ እነሱው ተቆጡ። «ካርቡራተሮቹ ሞተዋል፣ አዲስ ግዛ» ተባልኩ። ታዲያ ያደሳችሁት ምኑን ነው? መልስ የለም።

ሦስተኛው ቤቴ ድረስ የመጣ ልጅ ነው። ስልኩን አስደግፎ ቪዲዮ እያየ ይፈታል። የብሎኖቹን ራስ አንድ በአንድ በላቸው። ስምንተኛው ላይ «ወንድሜ፣ በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሸኘሁት።

ከዚያ በኋላ በሸራ ሸፍኜ ተውኳት። ሚስቴ ሽጣት አለችኝ። እውነት ለመናገር ማስታወቂያውን ጽፌ ነበር።

ጋሼን ያገኘሁት በታክሲ ሹፌር ወዳጄ በኩል ነው። «የድሬ ልጅ ናቸው፣ ባቡር ጋራዥ ያደጉ። የቆየ ነገር ሲያዩ ይወዳሉ» አለኝ። የመኪና ቀለም የሚቀባበት ግቢ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። ምልክት የለው፣ ቁጥር የለው። በሩ ላይ አንድ የቡና ጀበና ሥዕል ተለጥፏል፤ እሱን አይታችሁ ነው የምታንኳኩት።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» ስል ቀና ሳይሉ «አንቱ አትበለኝ አቦ፣ አሮጌ ታደርገኛለህ» አሉኝ። (ይህን ጽሑፍ እናቴ ስለምታነበው እዚህ አንቱ እላቸዋለሁ። ጋሼ ይቅርታ።)

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ። ሞተሯን አስነስቼ እንደ ለመድኩት ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ልተርክ ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። መሣሪያ አላነሱም። ከጠረጴዛ ላይ የውሃ ፕላስቲካቸውን ብቻ ያዙ። ሞተሯ አንድ ደቂቃ ያህል ከሠራች በኋላ ጎንበስ ብለው ከሲሊንደሮቹ የሚወጡት አራቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። አንደኛው ላይ «ጭሽ!» አለ፣ ተነነ። ሁለተኛው «ጭሽ!»። ሦስተኛው ላይ ውሃው ዝም ብሎ ወረደ። ወርዶ መሬት ነካ። አራተኛው «ጭሽ!»።

ጣታቸውን ሦስተኛው ላይ አሳረፉ። አልተቃጠሉም። «ይቺ ተኝታለች» አሉ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር አይሠራም ማለታቸው ነው።

በቃ። 11 ሳምንትና 1,140 ዶላር ያልነገሩኝን በአንድ ጉንጭ ውሃ ነገሩኝ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፤ በጭሱ አሳበብኩ።

ከዚያ ፈቱት። ልጁ የበላቸውን ብሎኖች አይተው ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። የጃፓን ብሎን ከሌላው አገር መስቀለኛ ብሎን ይለያል አሉኝ፤ ቢመሳሰልም አፉ አንድ አይደለም። በተራው ካቻቢቴ ከታገልከው ይበላል። የሳቸው ካቻቢቴ የጃፓን ነው። ሁለት ደቂቃ፣ አንድም ብሎን ሳይሰበር! የተበሉትንም ጭምር አወጧቸው፤ እንዴት እንዳደረጉት አትጠይቁኝ፣ እኔም አላየሁም፣ ሻይ ልገዛ ሄጄ ነበር።

ከሦስተኛው ካርቡራተር ቤንዚን የሚያልፍባትን አንዲት የምስማር ጫፍ የምታክል ነሐስ አውጥተው ወደ አምፖሉ ያዝ አድርገው «እያት፣ ብርሃን ይታይሃል?» አሉ። መሃሏ ከግማሽ ሚሊሜትር የምታንስ ቀዳዳ አለች አሉ። ምንም አይታየኝም አልኩ። «እሷም አልታያትም» አሉ። ክረምቱን ሙሉ የቆመ ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ይዟታል። ከዚህ በላይ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ብዙ ነገር ነገሩኝ፣ ግማሹ አልገባኝም።

ቀጥሎ ጋሼ «አሮጌው ዕቃ የታለ?» ሲሉ ያቺ ፌስታል ትዝ አለችኝ። ከኪሴ አወጣኋት። ከፍተው ሲያዩ ፊታቸው በራ። እነዚያ ሰዎች የጃፓኑን ነሐስ አውጥተው ርካሽ ነገር ከተውላት ኖሯል። ጋሼ አሮጌውን አጥበው፣ በአየር ነፍተው፣ እንደገና ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩ። አሁን ነጥብ የምታክል ብርሃን ታየችኝ። «አዲስ ካርቡራተር ምን ያደርግልሃል? ያንተው ይሻላል» አሉ። ለአዲሱ ቢያስወጡኝ ኖሮ አምኜ እከፍል ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም አላስገደዳቸውም።

ስለ ሾጣጣዎቹ ፊልትሮዎች ግን አልማሩኝም። «ይሄ ለፎቶ ነው። ሳጥኑን ፈልገህ አምጣ፣ ያለዚያ ስትለማመጠኝ ትኖራለህ።» ያገለገለ ሳጥን በ90 ዶላር አገኘሁ። አሁን ውበቷ ትንሽ ቀንሷል። ይቀንስ!

በማግስቱ ተመለስኩ። ጋሼ ቫልቮላዋን (የሲሊንደሮቹን መክፈቻና መዝጊያ) ሳያዩ ካርቡራተሮቹን አያመሳስሉም፣ ማለትም አራቱም እኩል እንዲስቡ አያስተካክሉም፤ ለቫልቮላው ደግሞ ሞተሯ እስክትቀዘቅዝ ማደር አለባት። «የሚቸኩል ሰው ይሂድ» ነው የሚሉት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኮል የሚሠራ ሰው አገኘሁ፤ ወዴት እሄዳለሁ?

ማመሳሰሉን ያዩት ዓይኖቼ ናቸው፣ እሱን በዝርዝር ልንገራችሁ። ሰልባትዮዋን (የቤንዚን ታንኳን) አወረዱ። ቤንዚን ያለበትን ትንሽ ጠርሙስ በቱቦ አያይዘው ለኔ ሰጡኝና «ከፍ አድርገህ ያዝ፣ እንደ ጉልኮስ» አሉ። ፊት ለፊቷ የቤት ቬንትሌተር አቆሙ፤ ሞተሯ በንፋስ ስለምትቀዘቅዝ ቆማ ስትሠራ ትግላለች። አራት የተደረደሩ ሰዓት መሳይ ጌጆች አመጡና ከአራቱ ጋር በቀጫጭን ቱቦ አገናኙ። ሞተሯ ስትነሳ አራቱ ቀስቶች አራት ቦታ ናቸው። አንዱ እላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው እታች ተኝቷል።

«ቃሬዛ ተሸክመህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አራት ሆነህ ስትሸከም አንዱ ቢያነክስስ?»

«በሽተኛው ይወድቃል።»

«እሱ ነው እንግዲህ። ሌላ ምሥጢር የለውም።»

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዷን ብሎን በጥቂቱ፣ የሩብ ሩብ ያህል፣ አዞሩ። ቀስቱ ወረደ። ሌላዋን። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይሸሻል፤ ተመልሰው ይይዙታል። ክንዴ ዛለ፤ ጠርሙሱን ልቀይር አልደፈርኩም። ሃያ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ድንገት አራቱም ቀስቶች አንድ መስመር ላይ መጡ። ድምፅዋ ተለወጠ። ያ ሁሉ መንተባተብ ጠፍቶ አንድ ወጥ፣ ለስላሳ፣ ወፍራም ድምፅ ሆነ። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ጌጁን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ፈገግ አሉ። ሚኒሞዋን (ቆማ የምትሠራበትን ፍጥነት) አስተካክለው፣ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «አሁን ሻይ ግዛ» አሉ።

ሒሳብ ስጠይቅ «ሳምንት ንዳትና ና» አሉኝ። ያለ ክፍያ? «ካልሠራች ምን ልቀበልህ ነው?»

መሽቶ ነበር። ቤቴ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ጋሼ ጃኬታቸውን ደርበው፣ አሮጌ ኮሮላቸውን አስነስተው፣ ቤቴ እስክደርስ ከኋላዬ ተከተሉኝ። በየመብራቱ በመስታወት አያቸዋለሁ፤ መስኮታቸውን አውርደው ጆሯቸውን ወጣ አድርገው ድምፅዋን ያዳምጣሉ። ደጄ ስደርስ አንዴ ክላክስ ነፍተው ዞሩ። አልወረዱም፣ ቡናም አልጠጡም። ይህን የሚያደርግ መካኒክ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ባይገባም። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ አርሲ ውስጥ በመሥሪያ ቤት ያማሃ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ይውላል። ማታ ሲመለስ ገና ከወንዙ ማዶ ድምፅዋ ይሰማል። እናቴ ያን ስትሰማ ተነስታ ከሰል ታያይዛለች። እሱ ሲደርስ ቡናው ይቆላል። አባቴ ካረፈ 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደውዬ ስልኩን ወደ ማርሚታዋ አስጠግቼ አስነሳሁላት። ዝም ብላ አዳመጠች። «ምን መሰለሽ?» ስላት፣ «ከሰል ላያይዝ?» አለችኝ።

ሳምንቱ ሲሞላ ሄጄ ከፈልኩ። ያ ሁለተኛው ቦታ ከወሰደብኝ ሩቡን አይሆንም። ብሩን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት፤ እናንተ ስትሄዱ ቆጥራችሁ ስጧቸው፣ አትጉዱባቸው።

አሮጌ ሆንዳ፣ አሮጌ ካዋሳኪ፣ ምንም ይሁን ምን ካርቡራተር ያላት ሞተር ይዛችሁ የምትንገላቱ ሁሉ፣ እባካችሁ ጋሼ ጋ ሂዱ። አትሽጧት፣ አዲስ ካርቡራተርም አትግዙ፣ መጀመሪያ ጋሼ ይዩላችሁ። ስማቸውንና አድራሻቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምነውኛል፤ «ሰው ይበዛብኛል፣ ሥራ ይበላሽብኛል» ብለው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እልካለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ አትድከሙ። በሌላው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አሉ። የወለቀ አሮጌ ዕቃ ካላችሁ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሻይ ስትገዙላቸው ደግሞ ስኳር ሦስት።