የታዋቂ ሰው ወሬ ዜና ነው?

ትናንት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ታያለች። የአንዲት አርቲስት ፎቶ፣ ቀይ ቀስት፣ «ትዳሯ ፈረሰ» የሚል ጽሑፍ። ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት አብሬ አየሁ። ማን ተናገረ? መቼ ሆነ? አንድም ቃል የለም። አርቲስቷም አልተጠየቀችም።

ይህን ዜና ለማለት አፌ አይደፍርም። ችግሩ ግን ታዋቂ ሰው ስላለበት አይደለም።

ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን እንያቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ኒውዮርክ ታይምስ የፊልም ፕሮዲውሰሩን የሃርቪ ዋይንስቲንን ጉድ አወጣ፤ ሴቶች ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ይፈጽም እንደነበር። በስማቸው የተናገሩ ሴቶች ነበሩ። ሰነድ ነበር። ሰውየውም ምላሽ እንዲሰጥ ተጠይቋል። ጉዳዩ ሆሊውድ ውስጥ ለዓመታት በሹክሹክታ ሲወራ ኖሯል። ሹክሹክታው ማንንም አላዳነም። የተጣራው ዘገባ ግን ወሲባዊ ጥቃትን የሚቃወመውን፣ ሚ ቱ የተባለውን እንቅስቃሴ በዓለም ዙሪያ አቀጣጠለ፤ ሰውየውም ፍርድ ቤት ቆመ።

የእንግሊዙ ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጋዜጣ ደግሞ የዝነኞችን የስልክ መልእክት እየጠለፈ ወሬ ይለቅም ነበር። ከተገደለች የ13 ዓመት ልጅ ስልክ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ነገሩ ሲጋለጥ፣ ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ከ168 ዓመት ዕድሜ በኋላ ተዘጋ። ያጋለጡትም ጋዜጠኞች ናቸው።

ስለዚህ የዘፋኙ ፍቺ የቤቱ ጉዳይ ነው። ለኮንሰርት ትኬት ሸጦ፣ የሰው ብር ይዞ ከቀረ ግን ይዘገብ። መጀመሪያ ተደውሎለት፣ እሱም ተጠይቆ።